ያላየሁት አምባላይ ፈረስ

ያን ጊዜ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። በዕድሜዬ እንደዚያ ዓመት ብዙ ህልም ያወራሁበት ዘመን የለም። ያወራሁት ብያለሁ፤ ያየሁትን ገና እነግራችኋለሁ።

እንጅባራን የቆየ ሰው ቆሰበር ይላታል፤ እኔም እንደዚያው ነው የምላት። ቆሰበር ጉም የሚያድርባት ከተማ ናት። ጠዋት በሬን ስከፍት ጉሙን ደጃፌ ላይ እንደ እንግዳ ቆሞ አገኘዋለሁ። የሚያልፈው ባጃጅ፣ የሚነዳው ከብት፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ባሕር ዛፍ፣ ሁሉም መጀመሪያ ድምፅ ብቻ ይሆኑና ቆየት ብለው ነው መልክ የሚያወጡት። እኔ እዚያው መንገድ ዳር የቀርከሃ ወንበርና በርጩማ እየሠራሁ እሸጣለሁ። ጉሙ እስኪገልጥ ድረስ ሥራዬን የምሠራው በእጄ እየዳሰስኩ ነው፤ ቀርከሃ ደግሞ ቢላዋው መንገዱን ካገኘ ራሱ ይሰነጠቃል፣ ብዙ ዓይን አይፈልግም። እንዲህ ባለ ጠዋት ህልሜ ገና ከላዬ አልወረደም፤ ትከሻዬ ላይ እንደ ጋቢ ይቆያል።

እኛ ቤት ህልም ይነገራል። አባቴ በሕይወት እያለ ከአልጋው ወርዶ «እስቲ ማን ምን አየ?» ሳይል ፊቱን አይታጠብም ነበር። መልካም ህልም ከሆነ «ያድርገው» ይላል። ክፉ ከሆነ ወዲያና ወዲህ አገላብጦ መልካም ያደርገዋል። ጥርሴ ረገፈ ብትሉት «አሮጌ ነገር ይለቅህና አዲስ ይመጣልሃል» ነው መልሱ። ቤት ተቃጠለ ብትሉት «ብርሃን ነው፣ ደስታ ነው»። ህልም እንደ ፈቺው ነው ይባል የለ? አባቴ በክፉ የፈታው አንድም ህልም ትዝ አይለኝም። እኔም ከእሱ የወረስኩት ይህንኑ ነው፤ ያየሁትን ሁሉ በመልካም መፍታት። ቆይቶ ያቃጠለኝም ይኸው ውርስ ነው።

ሌላም የምናዘዘው ነገር አለኝ። ህልሜን የማየው በአውኚ ነው፣ ተወልጄ በጠባሁበት ቋንቋ። የምናገረው ግን በከተማው ቋንቋ፣ በአማርኛ ነው። ከአንዱ ወደ አንዱ ስሻገር የሚንጠባጠብ ነገር አይጠፋም፤ የጎደለውን ከራሴ እሞላለሁ። ታሪክ ማውራት እወዳለሁ፣ ምን ላድርግ። ትምህርት ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ያወቅሁት ወንድሜ አንብቦ የሚተዋቸውን መጻሕፍት ከወለል እያነሳሁ ነው።

ወንድሜ በአሥራ ሁለት ዓመት ታናሼ ነው። ኮሌጅ ሲመደብ እዚሁ ከተማችን ደረሰው። እናታችን ዳንግላ ናት፤ «ጊቢ ከሚያድር ከእህቱ ጋር ይሁን» ስላለች፣ ከመሥሪያዬ ጀርባ ያለችውን ክፍል መሐሏን በቀርከሃ ከፍዬ አብረን መኖር ጀመርን። ያን ዓመት የመጨረሻ ዓመቱ ነበር።

የመጨረሻ ዓመት መሆኑ ለእኛ ቤት ሌላ ትርጉም ነበረው። አጎታችን፣ የአባታችን ታላቅ፣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ድንችና ገብስ ያርሳሉ። ሁለት ፈረስ አላቸው። አንዱ ጉራቻ፣ ጥቁሩ፣ የራሳቸው ነው። ሁለተኛውን ዳማ የወለደችው የአባቴ ባዝራ ናት። አባቴ ሲሞት ዳማው ከእናቱ ሥር ያልተለየ ውርንጭላ ነበር፣ ወንድሜም የስምንት ዓመት ልጅ። አጎቴ ለቀስተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ተነሥተው «ይህ ዳማ የዚህ ልጅ ነው፤ ተምሮ የጨረሰ ዕለት ልጓሙን እሰጠዋለሁ» አሉ። እኛ አገር እንዲህ ያለ ቃል ለቅሶ ላይ ከተነገረ ሰው ሁሉ ይዞት ይኖራል። ጥር ላይ ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን አስጊጠው ሲወጡ፣ ሰው ወንድሜን አጥር ሥር ቆሞ ሲያይ ያገኘው እንደሆነ «አይዞህ፣ ዳማህ እያደገልህ ነው» ይለው ነበር። ስለዚህ ያን ዓመት የምንጠብቀው አንድ ነገር ነበር፤ ወንድሜ ትምህርቱን ጨርሶ ልጓሙን ሲጨብጥ ማየት። የሚያስፈራም ነገር ካለ እሱ መቅረቱ ነበር፤ ያኔ ግን የሚያስፈራ ነገር ያለ አልመሰለኝም።

ጥቅምት ላይ ነው የጀመረው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ጥርሱን እየቦረሸ «እታለም፣ ዛሬ ምን አየሽ?» አለኝ።

አባቴ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ያየሁትን ነገርኩት። ዘንገና ሐይቅ እንደ መስታወት ረግቷል፤ በውሃው ላይ ፈረሶች ይጋልባሉ። ኮቴያቸው ውሃውን ሲነካ ድምፅ የለውም። ክብ ክብ እየሆነ የሚሰፋው ሞገድ ግን አዲስ ገብስ ገብስ ይሸታል።

«ከፊት የነበረው ምን ዓይነት ነው?»

«ዳማ።»

«ዳማ ቀላ ያለው ነው አይደል?»

«አንተ! የአገው ልጅ ሆነህ ዳማ ምን እንደሚመስል እኔን ትጠይቀኛለህ?» ብዬ በቀርከሃ ፍላጭ ቂጡን መታሁት። እየሳቀ ሮጠ።

በማግሥቱ አረንጓዴ ሻሽ ይዞልኝ መጣ። «ምንድን ነው?» ስለው «ያንቺ ዳማ ነው የገዛው» አለኝ። ቀልዱ ባይገባኝም ሻሹን አሰርኩት። ከስንት ዘመን በኋላ ሻሽ የሚገዛልኝ ሰው አገኘሁ ብዬ ቀኑን ሙሉ ስዘፍን ዋልኩ። ገንዘቡ ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅሁም። ስጦታ የሰጠን ሰው እንዴት ይጠየቃል?

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ፣ አንዳንዴም ማክሰኞና ረቡዕ ጠዋት ይጠይቀኛል። እኔም እናገራለሁ። ፈረሶቹ መጡ፤ ጥርባ ሐይቅ ላይ መጡ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ መጡ፣ አንድ ቀን በዳንግላ ገበያ መሐል እህል ሳይረግጡ አለፉ። ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፣ «ከፊት ያለውስ?» እኔ ለፈረሱ መስሎኝ ነበር። ልቡ ዳማው ላይ ነው፣ እየናፈቀው ነው ብዬ ፈታሁት።

ግን ሰው በትእዛዝ አያልምም። ኅዳር ላይ ህልሜ ደረቀ። ብተኛ ጨለማ ብቻ ነው፤ ተኝቼ እነሳለሁ። እሱ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፣ ዓይኑ ዓይኔ ላይ። «ምንም አላየሁም» ልለው አፌን ከፈትኩና፣ በዚያው ቅጽበት የሰው ጥቁር ውሻ በደጃፌ አለፈ።

«ጉራቻ» አልኩት። «ጉራቻ ፈረስ፤ ግንባሩ ላይ ጤዛ ያለበት።»

ፊቱ በራ። የመጀመሪያዋ ውሸቴ እሷ ናት። እንዲህ መቅለሏ ገረመኝ። ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ! ፈረሶቼን እንደ በርጩማ እሠራቸው ጀመር፤ እግር እገጥምላቸዋለሁ፣ ጋማ እጎነጉንላቸዋለሁ። የኮሌጅ ተማሪ ቆሞ ሲሰማኝ እኔም ተማርኩ፣ ሰው ሆንኩ ብዬ ነበር የማስበው።

አሁን ስናገር ቀላል ይመስላል፤ ነገሩ ሁሉ ፊቴ ነበር። ፍራሹ ሥር፣ ኪሱ ውስጥ፣ ከቀርከሃ ፍቅፋቂ ጋር ተደባልቆ ወለል ላይ፣ በየቦታው በቁጥር የተሞላ ወረቀት አገኛለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ኤክስ። አንድ፣ ኤክስ፣ ኤክስ፣ ሁለት። ስድስተኛ ክፍል እያለሁ ትልልቆቹ ተማሪዎች ኤክስ ያለበት ሂሳብ ሲሠሩ በመስኮት አይ ነበርና፣ ኤክስ ካለበት ሂሳብ ነው ብዬ አመንኩ። ይባስ ብዬ አራቱን ወረቀት መርጬ መሥሪያዬ ግድግዳ ላይ ለጠፍኳቸው፤ ደንበኛ ሲመጣ «የወንድሜ ነው» እላለሁ። ለእናቴ ስደውል ደግሞ እንዲህ ነው፦

«ልጄ ምን ይሠራል?»

«ቁጥር ነው እማ። ሌት ተቀን ቁጥር።»

«እሰይ! አባቱን ነው! አባትሽ እኮ ስንት ቁና ገብስ ለማን እንዳበደረ ሳይጽፍ ነው የሚያውቀው።»

ወንድሜ ስልኩን ሲያስቀምጥ ፊቱን ወደ ታች ደፍቶ ነው። ምግብ ሲቀርብ ስልኩ ይጮኽና እጁ እንጀራው ላይ ይቀራል። አንዳንድ ቀን እያፏጨ ይገባል፤ በማግሥቱ ሰላም ስለው የማያውቀኝ ሰው ሰላም ያለው ይመስላል። ታኅሣሥ ላይ፣ የቆሰበር ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ጊዜ፣ ጃኬቱ ጠፋ።

«ጃኬትህስ?»

«ጊቢ ረስቼው ነው።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ጊቢ ተረሳ። ቀጥሎ ላፕቶፑ ጠፋ፤ «ጥገና ገብቷል» አለኝ። እናቴ ጊደር ሸጣ የገዛችለት ላፕቶፕ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፉ ያለው እሱ ላይ ነበር። አጎቴ ከገበያ ሲመለሱ መሥሪያዬ ጎራ ብለው «ልጁ ዳማውን ሊያይ ከመጣ ሁለት ወር ሆነው፤ አሞታል?» ብለው ጠየቁኝ። «ጥናት በዝቶበት ነው አያ» አልኳቸው። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስዋሸኝም።

ሁሉንም አይቻለሁ። አባቴ እንዳስተማረኝ በመልካም ፈታሁት እንጂ።

የካቲት ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጉሙ ወፍራም ነበር። የታዘዘ ሥራ ነበረብኝና ቀርከሃ እየሰነጠቅሁ ነው። ወንድሜ በሸሚዝ ብቻ መጥቶ ፊቴ ቆመ። ከንፈሩ በብርድ ጠቁሯል።

«እታለም፣ ዛሬ ግን በደንብ አስታውሺ።»

ቀና አልኩ። ፊቴ ያለው ጉም ብቻ ነው፣ ነጭ፣ ዳር የሌለው።

«አምባላይ» አልኩት። ነጭ ፈረስ ማለቴ ነው።

«ብቻውን?»

«ብቻውን። ሌሎቹ ከኋላው አቧራ ሆነው ቀርተዋል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ወይ ጉድ፣ ህልም ደግሞ እርግጠኛ አለው እንዴ?»

ጎንበስ ብሎ ጉንጬን ሳመኝና ጉሙ ውስጥ ገባ። የሳመኝ ከንፈር በረዶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጉሙ ተገልጦ ፀሐይ ወጣ። አሥር ሰዓት ገደማ ስልኬ ጠራ። መስከረም ላይ አሥራ አምስት በርጩማ የሠራሁለት ሰውዬ ነው። ያኔ «ሰው አረፍ ብሎ ኳስ የሚያይበት ቤት ልከፍት ነው» ብሎ ነበር ያሠራኝ። «እህቴ፣ ሁለቱ እግራቸው ወለቀ፤ ልጆቹ ሲናደዱ በእርግጫ ነው የሚሏቸው» አለኝ። መዶሻና የቀርከሃ ችካሌን ይዤ ሄድኩ። ከኋላ መንገድ ላይ ያለ፣ በሩ በመጋረጃ የተሸፈነ ቤት ነው።

መጋረጃውን ስገልጥ መጀመሪያ ያየሁት ስክሪን ነው፤ ሦስት ትልልቅ ስክሪን፣ አረንጓዴ ሜዳ። ቀጥሎ ያየሁት በርጩማዎቼን። ቀጥሎ በርጩማዎቼ ላይ የተቀመጡትን ልጆች። ሁሉም የወንድሜ እኩያ ናቸው፤ ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ ያደረጉም አሉ። እጃቸው ላይ ያሉትን ወረቀቶች አወቅኋቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ኤክስ። ግድግዳዬ ላይ የለጠፍኩት ሂሳብ ነው።

አንዱ ዞር ብሎ አየኝና ጮኸ።

«እሷ ናት! እህቱ ናት፣ ህልመኛዋ!»

ቤቱ ተነቃነቀ። «እትዬ ይምጡ! ለእትዬ ቦታ ልቀቁ!» እያሉ ሰው አስነሥተው እኔ በሠራሁት በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ።

«እትዬ፣ ያ ጉራቻዎት አብልቶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ!»

«ለእሱ ነው ያበላው፤ እኔን በቡላ ፈረስ አስበልተውኛል!»

«ዝም በል፣ አንተ ቡላውን ለማን እንደምትሰጠው አላወቅህበትም። ቢጫ ለባሾቹ እኮ ሁለት ነበሩ!»

«እትዬ፣ የዛሬው አምባላይ እውነት ብቻውን ነበር?»

እንደዚያ ነው የገባኝ፤ ቤቱ የኳስ ውርርድ ቤት ነው፣ መብላት የሚሉትም በውርርዱ ማሸነፍን ነው። ዳማዬ ቀይ ለባሹ ነው፤ ጉራቻዬ ጥቁር ለባሹ። ፈረሶቼን በሙሉ መለያ አልብሰው ሜዳ ላይ አሰልፈዋቸዋል። ስክሪኑን አየሁ። ነጭ የለበሱት ሁለት ለባዶ እየተመሩ ነው።

ወንድሜ ከፊት ነበር የተቀመጠው። ይህ ሁሉ ጩኸት ሲሆን አልዞረም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ቅዳሴ ላይ ያለ ነው የሚመስለው። ነጮቹ ላይ ሦስተኛው ጎል ሲገባ ወንድሜ አልጮኸም፣ በርጩማም አልመታም። ከልጆቹ አንዱ በሹክሹክታ «ላፕቶፗ ሄደች» አለ።

መዶሻዬን አነሳሁና ክንዱን ይዤ ወጣሁ። በርጩማዎቹን አልጠገንኩም።

ወደ ቀርከሃው ጫካ በሚወስደው መንገድ ሄድን። ፀሐይዋ በቀርከሃው ቅጠል ውስጥ እየተቆራረሰች መንገዱ ላይ ትወድቃለች። መዶሻው አሁንም እጄ ላይ ነበር።

«ላፕቶፑ የት ነው?»

«አስይዤዋለሁ። ለክፍሌ ልጅ።»

«ጽሑፍህስ?»

«እሱ ውስጥ ነው።» ከዚያ ቃሉ እንደ ጎርፍ መጣ። «ዛሬ አምባላዩ ቢያሸንፍ እኮ ሁሉንም እመልስ ነበር። ላፕቶፑን፣ ጃኬቱን፣ ከሰው የወሰድኩትን። ሁሉንም መልሼ አቆም ነበር እታለም፣ እውነቴን ነው። ለዛሬ ብቻ ነበር።»

ልቆጣው ነበር። አፌ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነው።

«አምባላይ አላየሁም።»

«ምን?»

«ምንም አላየሁም። ጉሙ ነጭ ስለሆነ ነው።»

ቆመ። «ዛሬ ነው?»

«ከኅዳር ወዲህ ያልኩህን በሙሉ።»

«ጉራቻውስ?»

«የሰው ውሻ ሲያልፍ አየሁ።»

«ጉራቻው እኮ በልቷል!» አለ፣ ልክ እኔ ውሸታም እንዳልሆንኩ ሊያስረዳኝ እንደሚፈልግ ሰው። «ብዙ ነው የበላሁበት! በውሻ ነው የበላሁት?» ሳቀ። እኔም ሳቅ አመለጠኝ። እየሳቀ መንገዱ ዳር ተቀመጠ፤ ሳቁ የት ላይ ልቅሶ እንደሆነ አላወቅሁም። አጠገቡ ተቀመጥኩ። መምህሩ ሲናገር ሰሌዳው ላይ የሚታየው የውርርዱ ቁጥር ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ከታኅሣሥ ወዲህ ብዙውን ክፍል እንዳልገባ፣ አቆማለሁ ብሎ በአባታችን አጥንት ሦስት ጊዜ እንደማለ ነገረኝ። «ስከስር የሚብስብኝ ነው የሚመስልሽ አይደል?» አለኝ። «የሚብስብኝ ሲሳካልኝ ነው። ያ ሻሽ ያመጣሁልሽ ዕለት ነው የጠፋሁት።»

ሻሹ አናቴ ላይ ነበር።

በማግሥቱ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ በእግር ወደ ዘንገና ሄድን። እሱ ነው «ለአያ ልንገራቸው፣ ከሰው አፍ እንዳይሰሙት» ያለው። አጎቴ ሐይቁ አፋፍ ላይ ሁለቱን ፈረሶች እያስጋጡ ነበር። ውሃው ከሥር እንደ ህልሜ ረግቷል፤ ዝንጀሮዎቹ ዛፉ ላይ ይንጫጫሉ። ዳማው ወንድሜን ሲያይ ጆሮውን አቀና። ወንድሜ አንገቱን ሊነካው እጁን ዘርግቶ መለሰው።

ቆሞ ሁሉንም ነገራቸው። አጎቴ ዱላቸውን ተደግፈው ሰሙት። በአውኚ ነበር የሚነጋገሩት፤ እኔ ነኝ ወደ አማርኛ ያመጣሁት፤ ይህን ጊዜ ምንም አልጨመርኩም።

«ፈረስ ላይ ነው የምትወራረዱት?»

«አይ አያ፣ ኳስ ላይ ነው። ፈረንጆች ሲጫወቱ።»

«ታውቃቸዋለህ?»

«በስም።»

«እነሱስ ያውቁሃል?»

«አያውቁኝም።»

አጎቴ ሊያላግጡበት አልነበረም፤ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ሊገባቸው ፈልገው ነው።

«መቼ መቼ ነው የሚብስብህ?»

«ቅዳሜ።»

«በስንት ሰዓት?»

«ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ፣ እስኪመሽ።»

«እሺ» አሉ።

ወንድሜ መሬት መሬት እያየ «ዳማው ቀረብኝ ማለት ነው አያ?» አላቸው።

«እኔ የተናገርኩት ለቀስተኛ ፊት ነው። ተምሮ ሲጨርስ ብያለሁ። በስንት ዓመት እንደሚጨርስ አልተናገርኩም።»

ከዚያ የሆነው ሁሉ በአንድ ቀን የሆነ አይደለም። ኮሌጁ ውስጥ ተማሪ የምታማክር ሴት አለች፤ ሰኞ አብሬው ሄድኩ። አልተቆጣችውም። ብቻህን አይደለህም፣ በየሳምንቱ እንዳንተ ያለ ይመጣል አለችው። የጠፋውን ለማስመለስ ብለህ አንድም ጊዜ እንዳትመለስ፣ ገንዘብ የሚገባበትን ሲም ካርድ ለምታምነው ሰው ስጥ፣ ስትወድቅም በዚያው ዕለት ተናገር አለችው። ሲሙን ለእኔ ሰጠኝ። እናቴ የምትልከው በእኔ በኩል ሆነ። አንድ ማክሰኞ ወደቀ፤ በሰው ስልክ ነበር የተጫወተው። ማታውኑ ሳይበላ ነገረኝ፤ እኔም «ያድርገው» አላልኩም። ላፕቶፑ ሳይመለስ ቀረ። ጽሑፉን መሥሪያዬ ውስጥ ተቀምጦ በእስክሪብቶ እንደገና ጀመረ፤ እኔ ስሰነጥቅ እሱ ይጽፋል። ጓደኞቹ ሲመረቁ እሱ አልተመረቀም፤ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ቀረ።

አራቱን ወረቀት ከግድግዳው አነሳኋቸው። የውርርድ ቤቱ ሰውዬ ሌላ አሥር በርጩማ ሊያሠራኝ መጥቶ ነበር፣ ቀርከሃ የለኝም አልኩት፤ ቀርከሃው ከኋላዬ ተደርድሮ እያየው። ልጆቹም ህልም ሊጠይቁኝ መጥተዋል። ለእያንዳንዳቸው የውሻውን ታሪክ ነገርኳቸው። የሳቁ አሉ፤ አንዱ ሳይስቅ ሄደና በሳምንቱ ብቻውን ተመልሶ መጣ። አማካሪዋ ያለችበትን ቢሮ አሳየሁት። የልጆቹ እናቶች «ምኑን አይተሽ አወቅሽ?» ይሉኛል። እኔማ አላወቅሁም እላቸዋለሁ። ጃኬቱ የጠፋ ዕለት ጃኬቱን ልፈልግ ጊቢ ሄጄ ቢሆን ኖሮ አውቅ ነበር። እናንተ ሂዱ።

ህልሜ ዘግይቶም ቢሆን ተመልሷል። አሁን ሳላይ ያደርኩ ቀን «ምንም አላየሁም» እላለሁ።

አጎቴ በዚያች እሑድ «እሺ» ካሉ በኋላ ያደረጉት ይህ ነው። የሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ጉራቻው ላይ ተቀምጠው ዳማውን እየሳቡ ከዘንገና ቆሰበር መጡ። ኮሌጁ በር ላይ፣ ዘበኞቹ ቤት አጠገብ ካለው ቀርከሃ ሥር ቆመው ጠበቁት። ወንድሜ ከቤተ መጻሕፍቱ ሲወጣ በእጃቸው ዳማውን አሳዩት። እስኪመሽ አብረው ጋለቡና በራችን ላይ አውርደውት ተመለሱ። ስለ ነገሩ አንዲት ቃል አልጠየቁትም። በሚቀጥለው ቅዳሜም መጡ። ዝናብ በጣለ ቀን ባርኖስ ደርበው መጡ፤ ድንች በሚነቀልበት ሰሞን ሥራውን ለጎረቤት ትተው መጡ። አንድ ዓመት ከአራት ወር አንድ ቅዳሜ አልቀሩም። ወንድሜ የተመረቀ ዕለት ጉራቻውን ቤት ትተው ዳማው ላይ መጡ። ከኮርቻው ወርደው ልጓሙን እጁ ላይ አደረጉና በሚኒባስ ወደ ቤታቸው ሄዱ።